ጀሞ ላይ የተጣመመ መደርደሪያ እና የአናጢዎቻችን ታሪክ

ይህ ጽሑፍ የታሪክ ጽሑፍ ነው። የሚጀምረው ግን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ምንም ከቆመ አንድ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ታገሱን፤ አክሱምም ጎንደርም እንደርሳለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን የአንዳችን እናት ከብዙ ዓመት ቁጠባ በኋላ የቤት ዕጣ ወጣላቸው። እልልታው ጋብ ብሎ፣ ቁልፍ ተረክበን በሩን ስንከፍት ግን ያገኘነው የቤት አጽም ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ የውስጥ በር የሚባል ነገር የለም። ዕጣ የደረሰው አንባቢ ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። የእማማን ጥሪት ሴራሚክና ቧንቧ ጨረሰው፤ ለመደርደሪያና ለቁም ሳጥን የሚሆን ሳንቲም አልተረፈም። እኛም ባለ ዲግሪዎቹ ሦስት ወጣቶች ደረታችንን ነፍተን “እማማ፣ ለዚህማ ምን ገንዘብ ያስፈልጋል? እኛው እንሠራዋለን!” አልን።

መጋዝ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ አንድ ኪሎ ምስማር፣ ኮላና ብርጭቆ ወረቀት ገዛን። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርደን አንድ አሮጌ መላጊያ አገኘን፤ በየትኛው በኩል እንደሚያዝ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አልነበረም። ጣውላውን የገዛነው መንገድ ዳር ካለ እንጨት ሻጭ፣ ያውም ከሁሉ ርካሹን መርጠን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዩቲዩብ አየን። በሦስተኛው ቀን ጀመርን።

የመጀመሪያው ውርደት ከግድግዳው መጣ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ምስማሩን ስንመታው ሰተት ብሎ ገባ፣ ስንነካው ሰተት ብሎ ወጣ፣ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ልስንም ይዞ ወረደ። ሁለተኛው ውርደት ቀስ ብሎ መጣ። መደርደሪያውን ወለል ላይ አቁመን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ መጻሕፍት ደርድረን በሦስተኛው ሳምንት ጣውላው እንደ ብርዳም ሰው ትከሻውን ሰብስቦ ተጣመመ። መጻሕፍቱ ሁሉ ወደ ግራ ዘመሙ።

በመጨረሻ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ፣ በቆርቆሮ የታጠረች ወርክሾፕ ያላቸውን አናጢ ለመንን። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሰው ናቸው። አራት ፎቅ ወጥተው፣ መደርደሪያውን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ሳቁ።

“ይሄ እኮ ገና ውሃ ነው። ትናንት የቆመ ዛፍ ዛሬ መደርደሪያ ሁን ብላችሁት ነው?”

እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ ሁሉም ጎኑ እኩል ስለማይደርቅ ደግሞ ይጣመማል። ባሕር ዛፍ ሲሆን ይብስበታል። ይህን የነገሩን ጋሼ ናቸው። ከዚያም “ከቤተሰባችሁ እንጨት የሚያውቅ ሰው የለም?” ብለው ጠየቁን። የለም አልን።

ማታ ላይ እማማ ቡና እያፈሉ፣ ለልጃቸው ቀስ ብለው “አያትህ እኮ አናጢ ነበሩ” አሉት።

ጓደኛችን ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው አያቱ “የመንግሥት ሠራተኛ” እንደነበሩ ነው። ውሸት አልነበረም፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወርክሾፕ ውስጥ በር፣ ጠረጴዛና ወንበር ሲሠሩ ነው ጡረታ የወጡት። ለምን እንዳልነገሩት ሲጠይቃቸው “ምን ብዬ ልንገርህ? ሰውስ ምን ይላል?” አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። በገዛ እጁ በርና ወንበር የሠራ ሰው በልጆቹ አንደበት “የመንግሥት ሠራተኛ” ተብሎ የሚሸፈነው ለምንድን ነው? ይህ ነገርስ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ድንጋይ ላይ የቀረ እንጨት

እንደ ቃል በገባነው መሠረት ወደ አክሱም እንሂድ። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመውን፣ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተነዋል። ስንቶቻችን ግን ቀርበን አየነው? ሐውልቱ የተጠረበው በፎቅ ቤት አምሳል ነው። ከታች በር አለው፣ ከላይ መስኮቶች ተደርድረዋል፣ በፎቆቹ መካከል ደግሞ ክብ ክብ ነገሮች በረድፍ ወጣ ወጣ ብለዋል። እነዚያ ክብ ነገሮች የግንድ ጫፎች ናቸው። በዚያን ዘመን የነበረ የእውነት ቤት ሲሠራ ግድግዳው ውስጥ እንጨት እየተጋደመ ይታሰር ነበር፤ የማሰሪያዎቹ ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል። የታሪክ ሰዎች “የዝንጀሮ ራስ” ይሏቸዋል።

ልብ በሉ፣ ድንጋይ እንዲህ ያለ ጫፍ አያስፈልገውም። ድንጋይ ጠራቢው የአናጢን ሥራ እየቀዳ ነበር ማለት ነው።

እንጨቱን በእንጨትነቱ ማየት የሚፈልግ ደብረ ዳሞ ይሂድ (ወንድ ከሆነና ገመድ የማይፈራ ከሆነ)። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአቡነ አረጋዊ ስም ጋር የተያያዘው ገዳም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ንብርብር የተሠራ ነው። ከላሊበላ ብዙም ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ አንዱ ረድፍ እንጨት፣ አንዱ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየሆነ ተገንብቷል። ላሊበላ ሲደርሱ ደግሞ ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ተፈልፍሎ ወጥቶ፣ ግድግዳው ግን እንጨትና ድንጋይ የተነባበረበት መስሎ ተጠርቧል። እንጨት የሌለበት ሕንፃ እንጨት እንዲመስል መደከሙ ነው!

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። በአንድ ወቅት በዚህች አገር “ትክክለኛ ቤት” ምን እንደሚመስል የወሰነው አናጢ ነበር። ንጉሥ ለመቃብሩ ምልክት ሲያቆም፣ ቅዱስ ለአምላኩ ቤት ሲፈለፍል፣ ዓይኑ ያረፈው አናጢ በሠራው ላይ ነው። ስሙ ግን የለም። የነገሥታቱን ስም እናውቃለን፤ የአናጢዎቹን አናውቅም።

ሥራው ተወዶ ሠሪው ሲጠላ

አሁን ወደ ጎንደር። አፄ ፋሲል ከተማዪቱን ከቆረቆሩበት ከ1628 ዓ.ም. ጀምሮ ግንብ በግንብ ላይ ሲሠራ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ይገኙበት ነበር። የጎንደር ዘመን ነገሥታት ለሥራቸው ይፈልጓቸው ነበር፤ ከመካከላቸው ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። በዚያው ልክ ግን ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ “ቡዳ” ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይባል ነበር። ማረሻውንና ማድጋውን ከእነርሱ የሚገዛው ጎረቤት ልጁን ለልጃቸው አይድርም።

በእውነቱ ከሆነ አናጢ የቀጥቃጩን ያህል አልተናቀም። እንጨት እሳትና ፍም ስለሌለበት ይሁን፣ ወይም ዮሴፍ ጠራቢ ስለነበር ይሁን፣ አናጢ ጅብ ይሆናል አልተባለም። ቢሆንም ከጨዋው ወገን አልተቆጠረም። ጨዋ ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ይቀድሳል፣ ይገዛል። በእጁ ዕቃ የሚሠራ ሰው ከዚህ ዝርዝር ውጭ ነው። (በየቤታችን ግድግዳ ላይ የቅዱስ ቤተሰብ ሥዕል ሰቅለን፣ የሥዕሉን ክፈፍ የሠራውን ሰው መናቅ እንዴት እንደቻልን ሌላ ጊዜ እንጻፍበት።)

አፄ ቴዎድሮስ ይህን ሊሰብሩ ከሞከሩት መካከል ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ከባዝል አካባቢ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ሥሩልኝ አሉ። እነዚያ ሰዎች የመጡት ወንጌል ሊያስተምሩ ነበር፤ ንጉሡ ግን ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ፣ የሚሸከመው ሠረገላም ተሠራ፣ መንገድ እየተቆረጠለት እስከ መቅደላ ተጎተተ። መድፉ ዛሬም እዚያው አለ። ሠረገላውን ያነጹ፣ መንገዱን የደለደሉ፣ ገመዱን የጎተቱ የአገሬው ሰዎች ስም ግን አሁንም የለም። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ጋፋትም አብሮ ሞተ።

አሠራሩ ተደጋገመ። እጅ ሲያስፈልገን ከባሕር ማዶ እናስመጣለን፤ እዚሁ ያለውን እጅ ግን እንሰድባለን።

እንጨት የበላች ከተማ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ሁለት ባለሙያዎች አስከትሎ አንኮበር ደረሰ። እንደሚነገረው ንጉሡ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነው። መሐንዲሱ ሠርቶ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ድልድዩም፣ የቧንቧ ውሃውም፣ የባቡር ሐዲዱም ጉዳይ ተከተለ። ዛሬ አንድ የምሕንድስና ምሩቅ ጫማ ስፋ ቢባል የሚያደርገውን እስቲ አስቡት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የተሠራችው በእንጨትና በጭቃ ነው። ምሰሶ፣ ማገር፣ ወጋግራ፣ ከዚያ ጭቃ በጭድ። ለቤቱም ለማገዶውም የሚቆረጠው ከእንጦጦና ከአካባቢው የነበረው ጥድና ሌላው አገር በቀል ዛፍ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ አለቀ። እንጨት ከሩቅ መጫን ግድ ሆነ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ምኒልክ ከተማዋን ትተው ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመታት ለአጠና ይደርሳል። ከተማዋ ተረፈች፤ እንጨት የሚባለው ነገር ግን በአእምሯችን ውስጥ ተለወጠ። ቶሎ አድጎ፣ እርጥቡን ተቆርጦ፣ በዚያው ሳምንት ግድግዳ የሚሆን ነገር ሆነ። የጀሞው መደርደሪያችን የተጣመመበት ምክንያት እንግዲህ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው ማለት ነው!

በዚያው ዘመን ጥሩ ጥሩውን የእንጨት ሥራ የያዙት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ነበሩ። ሐጂ ቀዋስ የሚባሉትን ጨምሮ ሕንዳውያን ግንበኞችና አናጢዎች፣ አርመኖችም እንዲሁ፣ ዛሬ ፒያሳና አካባቢዋ ላይ የቀሩትን ባለ በረንዳ፣ የእንጨት ጥልፍ ያላቸውን ቤቶች ሠሩ። ከጎናቸው ሆኖ ሳንቃውን የያዘ፣ መጋዙን በሌላኛው ጫፍ የሳበ የአገሬው ሰው ነበር። የከተማችን የመጀመሪያዎቹ አናጢዎች ትምህርት ቤታቸው ያ የመጋዝ ሌላኛው ጫፍ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። በዚያው ዓመት ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን ሳይቀር በሙያው እየጠሩ ማዋረድ አገርን ያለ ሠሪ እንደሚያስቀር ገልጸው፣ ከእንግዲህ ሠራተኛን የተሳደበ እርሳቸውን እንደ ተሳደበ እንደሚቆጠርና እንደሚታሰር አስጠነቀቁ። የዓድዋው ንጉሥ ከጠላት ይልቅ በስድብ ላይ አዋጅ ማውጣት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ከሁለቱ የ1900 ዓ.ም. ውሳኔዎች የትኛው እንደ ያዘ ለመናገር ታሪክ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ቢሮው ያዘ። አዋጁ ተረሳ።

ካቻቢቴ፣ ሞራሌ፣ ተግባረ እድ

የመሣሪያ ሳጥናችንን እንክፈት። መጋዝ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ መላጊያ የኛው ስሞች ናቸው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ብሎን፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ዞኮሎስ? እነዚህ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው አምስት ዓመት ተቀምጦ በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ከወርክሾፖቹ ቃላቱ ቀሩ፤ ከወረራው በኋላም እዚሁ ቀርተው በጋራዥና በእንጨት ሥራ የተሠማሩ ጣልያኖች ነበሩ። አዲስ አበቤው አናጢ መሣሪያውን የሚጠራበት ቋንቋ የሙያው የሕይወት ታሪክ ነው። ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከባዕድ ቀጣሪው ተማረ።

ከነጻነት ማግሥት፣ በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ መንግሥት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ሕዝቡ ተግባረ እድ ብሎ የሚያውቀው ነው። ትርጉሙ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም ነበር። የሰው ሐሳብ ግን እንደ ስሙ አልቀና አለ። ጎበዝ ልጅ ዶክተር፣ ካልሆነ መሐንዲስ፣ ካልሆነ ቢሮ፤ ሁሉም ካልሆነ ሙያ!

የኛ ትውልድ ደግሞ ይህን በሕግ ተጽፎ አገኘው። በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ፣ ከ10ኛ ክፍል ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አገር አናጢና ኤሌክትሪሺያን ያስፈልጋታል። ነገር ግን በየሰፈሩ “ቴክኒክ ገባ” ማለት “ወደቀ” ማለት ሆነ። አብረውን ተምረው ቴክኒክ የገቡ ጓደኞቻችንን ያኔ በምን ዓይን እንዳየናቸው ስናስታውስ ዛሬ እናፍራለን።

እንደገና ወደ ጀሞ

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። ዛሬ ሜዳው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ነው። ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ብሎኬቱን፣ የብረት በሩንና የብረት መስኮቱን እያመረቱ አቀረቡ። በርና መስኮቱ ብረት መሆኑን ልብ በሉ። አናጢ ለዘመናት ይዞት የኖረውን በርና መስኮት በያጅ ወሰደው። እንጨቱም ቢሆን እንደ ድሮው አይገኝም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሏል (ተገቢም ነበር)። ቀሪውን ከውጭ የሚገባው ተገጣጣሚ ዕቃ ወሰደው። ለአናጢ የቀረው ያላለቀው የቤታችን ውስጥ ነው።

እኛም የገባነው እዚያው ውስጥ ነው። ጋሼ መደርደሪያውን እንድንፈታው አዘዙን። ጣውላዎቹን በመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እያስገባን፣ ነፋስ እንዲያልፍባቸው አድርገን፣ ፀሐይ በማይመታው ኮሪደር ላይ ከመርናቸው። ከላይ ከባድ ነገር ጫንን። ሁለት ወር ጠበቅን (ለትውልዳችን ሁለት ወር ማለት ዘለዓለም ነው)። ከዚያ መላጊያውን በትክክለኛው በኩል መያዝ አስተማሩን። ከምስማር ይልቅ ወንዴና ሴቴ አድርገን በኮላ አጋጠምን። ከግድግዳው ጋር ያሰርነውም በድሪል በስተን፣ ፊሸር አስገብተን፣ በብሎን ነው።

መደርደሪያው አሁን ቆሟል። በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ጋሼ “ይሄ የእናንተ ፊርማ ነው” ብለውናል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብንጨርስ ታሪኩን ማሳመር ይሆናል። “ጋሼ፣ ልጅዎም ይሄን ሙያ ይማራል?” ብለን ጠይቀናቸው ነበር። “ኧረ ልጄ አካውንቲንግ ነው የሚማረው፤ እኔ የቀመስኩትን አቧራ እሱ እንዲቀምሰው አልፈልግም” አሉ። ምን እንመልስ? እኛ ሲሰለቸን መዶሻውን ሳጥን ውስጥ ከትተን ወደ ኮምፒውተራችን እንመለሳለን። እሳቸው የሚመለሱበት ሌላ ቦታ የለም። በትርፍ ሰዓት አንድ መደርደሪያ መሥራት አናጢ አያደርግም፤ የምኒልክ አዋጅ ያልሠራውንም አይሠራም።

ያም ሆኖ ያተረፍነው አለ። ሙያ ሲባል ምን ያህል ማወቅ እንደሆነ በገዛ ውርደታችን ተማርን። ጣውላን በመዳፍ ዳስሶ ውሃውን የሚያውቅ ሰው፣ ከማናችንም ያላነሰ የተማረ ሰው ነው። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ “ስንት ይቀንሱልናል?” ብሎ ሲከራከር ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል። ቢያንስ የኛ ዝቅ ብሏል።

ባለፈው እሑድ የእማማ አዲስ ጎረቤቶች ለቡና መጡ። አንዷ መደርደሪያውን አይተው “ማን ሠራው?” ብለው ጠየቁ። እማማ ወደ ልጃቸው እያመለከቱ “እሱና ጓደኞቹ ናቸው” አሉ። ከዚያ ሲኒ እየቀዱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩ።

“ከአያቱ ወርሶ ነው። አባቴ አናጢ ነበር።”